የዶክተር ዴክ ሰማያዊ ሳፋ

የወንድሜ ሁለቱም እጆች ሳፋው ውስጥ ናቸው። በቀኙ፣ በወረንጦ ጫፍ፣ ከጥፍር የማትበልጥ ጥርስ ያላት ነጭ ክብ ይዟል፤ በግራው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጋታል። አንድ ጥርስ፣ ሌላ ጥርስ፣ ደግሞ ሌላ ጥርስ። ሲጨርስ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሣትና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይመረምራታል። ከዚያ ጉልበቱ ላይ በዘረጋው ፎጣ፣ ገላውን ታጥቦ እንደወጣ ሕፃን ጠቅልሎ ያስቀምጣታል። አጠገቡ ሻዩ ቀዝቅዟል። ሁለት ጊዜ አሙቄለታለሁ። ሦስተኛ ጊዜ አላሞቅም ብዬ ምያለሁ፤ ግን የኔን መሐላ እዚህ ቤት ማን ይፈራዋል?

በየቤቱ፣ ሞተ የተባለ ዕቃ የማይቀብር አንድ ሰው አለ። የሌለበትን ቤት እስካሁን አላየሁም። እናንተም ታውቁታላችሁ። የተሰበረ ጃንጥላ ዘንግ «ይጠቅማል» ብሎ ከበር ኋላ የሚያቆም እሱ ነው። ልብሱን ከማጠባችሁ በፊት ኪሱን ስትፈትሹ ሦስት ብሎን፣ አንድ ሽቦና የየት እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ የምታገኙት የሱ ሱሪ ውስጥ ነው። «አንድ ደቂቃ» ካላችሁ ምሳው እራት ይሆናል። ለአንዱ ሬዲዮ ነው፤ ለአንዱ ብስክሌት ነው፤ ለኔ ታላቅ ወንድም የቪዲዮ ዴክ ነው።

ላልደረሳችሁበት ልንገራችሁ። ዴክ ማለት መጽሐፍ የሚያህል ካሴት በአፉ ውጦ፣ በካሴቱ ውስጥ የተጠቀለለውን ጥቁር ክር እየተረተረ፣ ቴሌቪዥን ላይ ምስል የሚያወጣ ከባድ ሣጥን ነው። ድሮ ለአንድ ሰፈር አንድ ዴክ ይበቃው ነበር። ዛሬ እኛ ቤት ብቻ ሠላሳ አንድ አሉ። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እንግዳ የመጣ እንደሆነ ከየትኛው ጋር እንደተዋወቀ አያውቅም።

ሰፈሩ «ዶክተር ዴክ» ይለዋል። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ይህ ስላልበቃው ከደጃፉ ቆሞ፣ መቀሱን እንደ ጎራዴ ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ክቡር ዶክተር ዴክ! የዝገት ሁሉ ሐኪም! የአቧራ ሁሉ አባት! ዛሬስ ሕሙማኑ እንዴት አደሩ?» እያለ ይቀበለዋል።

«ሁለቱ ተነሥተው ተቀምጠዋል፤ አንዷ ግን አሁንም ካሴት ስትውጥ ታስላለች» ይላል ወንድሜ፣ ሳይስቅ።

«ዓለም ሁሉ እኮ በስልኩ ነው የሚያየው፣ ዶክተር!»

«ስልክህ ሲወድቅ ትጥለዋለህ። እነሱ ወድቀውም ይጠበቃሉ።»

አርባ ዓመት አሳንሰር ሲሰቅልና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። «ስንቱን ከፍ አድርጌ እኔ ምድር ቤት ቀረሁ» ይላል። ያለው ቀልድ ይኼ ብቻ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ያወራዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ እስቃለሁ። እኔ በልብስ ስፌት ነው ዕድሜዬን የገፋሁት፤ ጠርዝ መቀምቀምና ቁልፍ መትከል የኔ ድርሻ ነበር። ሁለታችንም የሌላ ሰው ነገር ስናቃና አረጀን ማለት ይቻላል። እሱ ሚስቱን በጊዜ አጥቷል፤ እኔ አላገባሁም፤ የምንኖረው ወላጆቻችን በተዉልን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ነው። ምድር ቤት ያለው ትልቁ ክፍል፣ ፀሐይ የሚገባበት፣ የዴኮቹ ነው። እኛ ሰዎቹ ፎቅ ላይ ተጣበን እንተኛለን።

አመመኝ የሚል ዴክ ሲመጣ ክቡርነታቸው መጀመሪያ ክዳኑን አይከፍቱም። ጆሮ ይሰጡታል። ገመዱን ይሰኩና ጎንበስ ብለው ጉርምርምታውን ያዳምጣሉ። ከዚያ ያሸቱታል፤ የተቃጠለ ትራንስፎርመርና የቀለጠ ጎማ ሽታቸው ይለያያል ይላሉ። ከዚያ በኋላ ነው ካቻቪቴው ከኪስ የሚወጣው። ባለቤቱ «በቃ ሞቷል አይደል?» ያለ እንደሆነ ያቺኑ የተለመደችውን መልስ ያገኛል፦

«ሞተ አትበል። ደክሞት ነው።»

ይህን ያልተባለ ነገር የለም። ስለ ፀጉር አስተካካዩ ማራገቢያ ተብሏል። ከስድስት ዓመት ወዲህ ግብ ስላላገባው የሰፈሩ ኳስ ቡድን ተብሏል። አንድ ጊዜማ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ አንዲት ሴት «ምነው እንዲያ በደህና ውሎ ድንገት ሞተ?» ስትል የወንድሜ ከንፈር ሲላቀቅ አየሁት። ኮቱን በድንጋጤ ስጎትት አንድ ቁልፍ እጄ ላይ ቀረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዝም አለ። ቤት ስንደርስ ቁልፉን መልሼ ተከልኩለት፤ እሱም ምን ሊል እንደነበር አላነሣም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። እኛ ቤት ብዙ ነገር እንዲህ ነው የሚያልፈው።

የሥራ መሣሪያውን ግማሽ ከኔ የስፌት ቅርጫት ይወስዳል። ወረንጦው የኔ ነበር። ጥጡ የኔ ነበር። የዴኮች ዋና በሽታ ጎማቸው ነው፤ ክሩን የሚያዞረው ቀጭን ጎማ በዕድሜ ብዛት ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። አዲስ ጎማ ያጣ ጊዜ ምን ያደርጋል? የቀሚሴን ላስቲክ! ሽንጤ ላይ የነበረውን ፈትቶ ለዴክ ቁጥር አሥራ አራት አጠለቀለት። እኔ ሳላውቅ ቀሚሱን ለብሼ ሱቅ ሄድኩ። የሆነውን አልጽፈውም። ብቻ ቲማቲሙን ጥዬ በሁለት እጄ ቀሚሴን ይዤ ተመለስኩ። ስደርስ አሥራ አራተኛው ዴክ እየተንቀጠቀጠ ሰው ያሳያል፤ ወንድሜ ፊቱ በርቷል።

«እዪ! ይራመዳል!» አለኝ።

«እኔ ግን መራመድ አልቻልኩም» አልኩት። በሕይወቴ የተናገርኩት ከባዱ ቃል ይኼ ይመስለኛል። ሳምንት ሙሉ ተቆጨሁበት።

ሳፋውም የኔ ነበር። ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ ነው፤ ዳሩ በአንድ በኩል ፀሐይ በልቶት ነጥቷል። የልብስ ማጠቢያ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ወስዶ የዴክ ዕቃ ማጠቢያ አደረገው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሳፋ፣ የተሻለ ሳፋ፣ ትልቅ ሳፋ ባቀርብለት «የለም፣ ይቺ ልክ ናት» ይላል።

አንድ ሕግ አለው፤ ከዚያች ፍንክች አይልም። ሰዎች ዴክ ሲጥሉ ሆዱን አያዩም። ስለዚህ የተጣለ ዴክ ሆድ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም። ማንኪያ ወጥቷል። እንደ ድንጋይ የደረቀ፣ አንድ ልጅ ዴኩን ሊያጎርስ ያገባው ዳቦ ወጥቷል። የሕፃን አንድ እግር ጫማ ወጥቷል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ተጣብቆ የቀረ ካሴት ይወጣል። ወንድሜ ያን ካሴት እንደ ቁስለኛ በሁለት እጁ ያወጣዋል፤ ክሩ ተጨማዶ እንደሆነ እኔን ይጠራኛል፤ በጣቴ ጫፍ፣ በጥጥ ጓንት፣ እጥፋቱን አንድ በአንድ አቃናለሁ። ከዚያ ትንሽ አይቶ የማን እንደሆነ ይፈልጋል። የበር ቁጥር፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የተማሪ ደንብ ልብስ፣ አንዲት ፍንጭ ትበቃዋለች። «በሆዱ የተገኘ አደራ ነው» ይላል። ከዚያ ኮቱን ይለብሳል፤ ባለቤቱን ፍለጋ ከተማውን ያካልላል። እኔም አብሬው እሄዳለሁ። ሰው ቤት ሲገባ ምን እንደሚናገር አላምነውማ!

አንድ ቀን ከዴክ ቁጥር ዘጠኝ ሆድ የሰርግ ካሴት ወጣ። ከሙሽራዋ ኋላ የአንድ ፎቶ ቤት ጽሑፍ ይታያል። ፎቶ ቤቱን አገኘን፤ ፎቶ አንሺው ሙሽራዋን አስታወሳት፤ ቤቷን ጠቆመን። በሩን አንድ ወፍራም፣ ደግ ፊት ያለው ሰው ከፈተልን። ወንድሜ ካሴቱን በሁለት እጁ አቀረበና፦

«የሰርጋችሁ ነው። እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ።

ሰውዬው ካሴቱን አገላበጠው። «የኔ? እኔ እኮ ስጋባ ቪዲዮ አላስቀረጽኩም።»

ወንድሜ ፊቱን ትክ ብሎ አየው። «እውነት ነው፤ ሙሽራው እርስዎ አይደሉም። እሱ ረዘም ይላል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ! ሴትየዋ እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሞላ ከውስጥ ብቅ አለች። ካሴቱን አየች፤ ባሏን አየች፤ እኛን አየች። አንገቴን ደፍቼ የደረጃውን ንጣፍ ስቆጥር፣ ቀስ ብላ ጠየቀች፦

«እናቴ አለችበት?»

«ቢጫ ቀሚስ የለበሱት ናቸው? ከጭፈራው ማን አስቆማቸውና!» አለ ወንድሜ።

ሴትየዋ በክንዷ ዓይኗን ጠረገች፤ ጉንጯ በአረፋ ተሞላ። «ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። አንድም ፎቶ ላይ አትስቅም ነበር።»

በሩን ሙሉ ለሙሉ የከፈተው ያ ባሏ ነው። «ግቡ እንጂ! ምን ደጅ ቆማችኋል?» አለን። ለማየት ግን ዴክ አልነበራቸውም፤ ጥለውታላ! ወንድሜ ተመልሶ ዘጠነኛውን ታቅፎ መጣ። አራታችን ተቀምጠን እናቷን እያየን ሳቅን፣ አለቀስን። በመጨረሻ ባልየው አገጩን በእጁ ደግፎ፣ «ሰውዬው እውነትም ረጅም ነው» አለ። ስንወጣ ወንድሜን አቅፎ ሳመው። ዴኩን በወሩ አጽድተው መለሱልን፤ ከፎጣ ጋር ነበር ያመጡት።

እንዲህ ያለ ብዙ ነው። መላጣ የሆነ ጠባቂ በወጣትነቱ ፀጉሩን አበጥሮ ሲሮጥ የሚታይበትን ካሴት ስንወስድለት፣ ዓይኑን ሳይነቅል ሚስቱን እየጠራ «ነይ! ነይ! ነበረኝ ስልሽ አላመንሽም! ይኸው ነበረኝ!» ሲል የሰማሁት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ደግነት እየበዛ ሲሄድ ክፍሉም እየጠበበ ሄደ። እኔን ደግሞ ጉልበቴ ከዳኝ። ደረጃችን አሥራ ሰባት እርከን ነው። በፊት አላውቅም ነበር፤ አሁን እያንዳንዱን በስሙ አውቀዋለሁ። አሥራ አንደኛው ላይ ቆሜ የግድግዳውን ቀለም የማደንቅ መስዬ አርፋለሁ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ምድር ቤት ይተኙ፤ አንድ ቀን ከዚህ ደረጃ ላይ እንዳናነሣዎት» አለኝ። ምድር ቤት ያለው መኝታ ሊሆን የሚችል ክፍል አንድ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ሠላሳ አንድ ሕሙማን ተኝተዋል። ለወንድሜ አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ?

የነገረችው የእህታችን ልጅ ናት። እናቷ፣ ታናሻችን፣ ልጅቷ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ሞተችብን፤ ያሳደግናት እኛ ነን። አሁን ነርስ ሆናለች፤ የራሷ ቤት አላት፤ በእረፍቷ ቀን ትመጣለች። ያን ቀን አሥራ አንደኛው እርከን ላይ አገኘችኝ።

«እትዬ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምንም። ግድግዳውን እያየሁ ነው።»

ዘወር ብላ ወረደች። ድምጿን እስከ ላይ ሰማሁት። «ጋሼ! እትዬ ደረጃ መውጣት ተከልክላለች። አንተ አርባ ዓመት ሰው ስታወጣ ስታወርድ ኖረህ፣ የገዛ እህትህ ግድግዳ ተደግፋ ትቁም? ይህ ክፍል ይለቀቅ። አንድ ሁለቱን አስቀር፤ ሌላውን የሰፈሩ አሮጌ ዕቃ ገዢ ይውሰደው። ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው! ሠላሳ አንድ መንትያ ለምን ያስፈልግሃል?»

ካቻቪቴው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ከዚያ የወንድሜ ድምፅ፣ ዝግ ብሎ፦ «አላወቅኩም ነበር። አልነገረችኝም እኮ። ቅዳሜ ሄጄ ሰውዬውን እጠራዋለሁ።»

ያ ሳምንት ከባድ ነበር። ወንድሜ አልተከራከረም፤ ቢከራከር ይሻለኝ ነበር። ሠላሳ አንደኛውን ዴክ፣ የዚያችን ነጭ ክብ ጥርስ ሲፈትግ ወጌን የጀመርኩላችሁን፣ ሊጨርስ ተጣደፈ። «ታሞ አይሂድ» አለኝ። የሁሉንም ገመድ ጠቀለለ፤ የሁሉንም ፊት ወለወለ። ሰዓታቸው አንዱ ከአንዱ አይገጥምም፤ ሁልጊዜ ሰዓት ስንት ነው ስለው «በየትኛው?» ይለኝ ነበር። ያን ሳምንት ጠየቅኩት፤ በእጁ ሰዓት አይቶ ነገረኝ። ያኔ ልቤ ተሰበረ።

ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን አስሮ ወጣ። የዕቃ ገዢው ቤት ከደጃችን አራት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። እኔ ክፍሉን ልጠርግ ገባሁ። ከመስኮቱ ሥር፣ ከሳፋው አጠገብ፣ ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተሩ ተቀምጧል። ስለ ዴኮቹ የሚጽፍበት ነው፤ ከፍቼው አላውቅም ነበር። አቧራውን ልጠርግ ሳነሣው ተከፈተ።

እያንዳንዱ ዴክ አንድ ገጽ አለው። የት እንደተገኘ። ምን እንደታመመ። በሆዱ ምን እንደነበረ፣ ለማን እንደተመለሰ። ከሁሉም ገጽ ግርጌ ደግሞ አንድ ዓይነት ቃል አለ፦ «ስንጥቅ የለውም። ጭረት የለውም።» ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ ስንጥቅ የለውም፣ ጭረት የለውም። ቁጥር ሃያ፣ ስንጥቅ የለውም፣ ጭረት የለውም። ወደ ኋላ እየገለጥኩ ቁጥር አንድ ደረስኩ። ከሱ በፊት ሌላ ገጽ ነበር።

«ቁጥር የለውም። ጥቁር። የሰዓት መስታወቱ በቀኝ ጥግ ተሰንጥቋል። የካሴት አፉ ላይ የኪሮሽ መርፌ ጭረት አለ። በሳፋ ተለወጠ። የለወጠችው ሴት ድልድዩ አጠገብ ላለ ዕቃ ገዢ ሰጠችው፤ ስንጥቁንና ጭረቱን የነገረኝ እሱ ነው፤ ለማን እንደሰጠው ግን አያስታውስም። በሆዱ፦ የልጅቷ ሁለተኛ ዓመት ልደት። እህታችን አለችበት። እህቴ ደንግጣ ነው፤ አይነሣባት።»

ወንበር አልነበረም። ዴክ ላይ ተቀመጥኩ፤ ይቅር ይበለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ወንድሜ ሌላ ከተማ አሳንሰር ሊሰቅል ሄዶ አምስት ወር ቆየ። ልጅቷ አራት ዓመቷ ነው፤ «እማዬን አሳዪኝ» አለችኝ። እናቷ ያለችበት አንድ ካሴት ብቻ ነበረን። እህታችን ኬክ ስትቆርስ፣ ወንድሜ ከካሜራው ኋላ ሆኖ አልላቀቅ ሲላት፣ «ጋሼ፣ ያን ነገር አስቀምጥና ልጅቷን ያዝ!» ስትል ይሰማል። ካሴቱን አገባሁት። ዴኩ አጉረመረመ፤ ክሩን ሲያኝከው ሰማሁት። ባወጣው ብዬ የኪሮሽ መርፌዬን ከተትኩ። ጎተትኩ፤ ጫርኩት፤ መታሁት፤ መስታወቱ ተሰነጠቀ። እህቴን ሁለተኛ የገደልኳት መሰለኝ። በማግሥቱ አሮጌ ዕቃ በሳፋ የምትለውጥ ሴት በደጃችን ስታልፍ፣ ካሴቱን እንደዋጠ አንሥቼ ሰጠኋት። እንዲጠፋልኝ፣ እንዳላየው። ሰማያዊ ሳፋ ሰጠችኝ።

ወንድሜ ሲመለስ «ዴኩስ?» አለኝ። «ተበላሽቶ ለወጥኩት» አልኩት። «ካሴቱስ?» «የት እንደገባ እንጃ» አልኩት። ሳፋውን አንሥቶ አገላብጦ አየው። ከዚያ «ጥሩ ሳፋ ነው» አለ። በዚያው ወር የመጀመሪያውን ዴክ ታቅፎ ገባ። ኀዘን ያመጣው አመል ነው ብዬ ነበር።

በሩ ሲከፈት ደብተሩን ለመደበቅ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም። ወንድሜ ገባ። ብቻውን ነው። ኮቱን አውልቆ አንድ ነገር ጠቅልሎበት ታቅፏል።

«ጋሼ፣ ሰውዬውስ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ዕቃ ገዢው! ልትጠራው የሄድከው!»

እንደ ተማሪ መሬት መሬት አየ። «በሩ ድረስ ደርሼ ነበር። ይቺ ደጁ ላይ ተጥላ አየኋት። ደመናው ደግሞ ከብዷል...» ኮቱን ገለጥ አደረገ። ጥቁር ነው። ሠላሳ ሁለተኛው።

ጉልበቴን ረስቼ ተነሣሁ። የሰዓት መስታወቱን ቀኝ ጥግ በጣቴ ዳሰስኩት። ከዚያ አፉን ዳሰስኩት። ወንድሜ እጄን ያያል፤ ከዚያ የተከፈተውን ደብተር አየ።

«ስንጥቅ የለውም» አልኩ።

«የለውም። እዚያው አይቻለሁ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልከኝ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ፈርቼ ነው።»

«እኔም ፈርቼ ነው። ብነግርሽ ሳፋውን ትጥይው ነበር። ጥሩ ሳፋ ነው እኮ።»

እየሳቅኩ ነው እያለቀስኩ፣ ራሴም አላወቅኩትም። «የሰውን ሁሉ የምትመልሰው ለዚህ ነው?»

«አንድ ሰው አንድ ቦታ ከፍቶት ይሆናል። ሆዱን አይቶ ይሆናል። እኛ የሰው ስንመልስ የኛንም የሚመልስ አይጠፋም ብዬ ነው።» ዴኩን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። «ደግሞ የሰዎቹን ደስታ ሳይ፣ በኋላ በኋላ ለምን እንደጀመርኩት ይረሳኝ ጀመር።»

«አሁንም የሆነ ቦታ ያለ ይመስልሃል? ሞቶ...»

«ሞተ አትበይ» አለኝ።

«ደክሞት ነው» አልኩ።

ልጃችን ስትመጣ ክፍሉ እንዳለ ነው። ከበሩ ላይ ቆማ ቆጠረች። «ሠላሳ ሁለት! ጋሼ፣ ቀንስ ስልህ ጨመርክ?» እኔ ሰው ፊት ብዙ አልናገርም፤ ያን ቀን ግን እጇን ይዤ «ቁጭ በይ፣ የምነግርሽ አለኝ» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳፋውንም፣ መርፌውንም፣ እናቷ ምን ስትል እንደሚሰማም። ቀና ብዬ አላየኋትም። ፊቷን ታዞርብኛለች ብዬ ነበር። እጄን ቀስ አድርጋ ለቀቀችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ዴኮቹ ሄደች፤ የአንዱን መስታወት በአውራ ጣቷ ጠረገችው።

«ስንጥቁ በየት በኩል ነው ያልሽኝ፣ እትዬ?»

«በቀኝ ጥግ።»

«ሆስፒታላችን መጋዘን ውስጥ እንዲህ ያሉ ሁለት አይቻለሁ» አለች። «ሰኞ አያቸዋለሁ።»

አሁን የምተኛው ምድር ቤት ነው። አሳንሰር የሰቀለ ሰው መደርደሪያ አያቅተውም፤ ሦስቱን ግድግዳ እስከ ጣሪያው በብረት ሠራው፤ ሕሙማኑ ወደ ላይ ወጡ፣ አልጋዬ መሐል ገባ። «ይኸው ለአንዴ እነሱን ከፍ አድርጌ አንቺን ምድር ቤት አስቀረሁሽ» አለ። አዲስ ቀልድ ነው፤ ሁለተኛው። ከሆስፒታሉ የመጡት ሁለቱም ስንጥቅ የላቸውም፤ ስነቃ ሠላሳ አራት ሰዓት ይቆጥርልኛል፤ አንዱም ልክ አይደለም። እንዲህ ባለጠጋ ሆኜ አላውቅም።

የሠላሳ ሁለተኛው ዴክ ሆድ ሲነቀነቅ ኳ፣ ኳ የሚል ነገር ነበረው። ወንድሜ ጆሮውን አስጠግቶ ካዳመጠ በኋላ ካቻቪቴውን ከኪሱ አወጣ። «አንድ ደቂቃ» አለኝ። እኔ ሄጄ ሳፋውን ለብ ባለ ውኃ ሞላሁት፤ ሻዩንም ለሦስተኛ ጊዜ አሞቅኩለት።

የዕቃ ገዢው ቤት አሁንም ከደጃችን አራት መቶ እርምጃ ነው። ወንድሜ ሰውዬውን እስከ ዛሬ አልጠራውም። እኔም አላስታወስኩትም።